«ይቺ በማን ወጣች?» ለሚሉን
(በጭድ ተራ በአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

ከሒሳብ ክፍል ስንነሳ ስለ ቁጠባና ብድር እንደምናወራ ትጠብቃላችሁ። የዛሬው ሌላ ነው።

በመካከላችን ያልወለድናቸውን ልጆች የምናሳድግ አለን። አንዳንዶቻችን የእህታችንን፣ አንዳንዶቻችን የጎረቤታችንን፣ አንዳንዶቻችን በፍርድ ቤት የተቀበልነውን። እኛም ቤት የሰባት ዓመት የጉዲፈቻ ልጅ አለችን። ይህን እንድንናገር ፈቃዷን ጠይቀናት ስሟን እንዳንጠራ ብላ ፈቅዳለች።

አንድ ቀን ቡና ላይ ጎረቤታችን «ኧረ ይቺ ልጅ በማን ወጣች? ከእናንተ ቤት ማንንም አትመስልም» አሉ። በክፋት አይደለም። እኛ ግን ደንግጠን «በአያቷ ነዋ!» ብለን ሳቅን። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና «በየትኛዋ አያቴ?» አለችን። መልስ አጣን። እውነቱን ታውቃለች፣ ከትንሽነቷ ጀምሮ ነግረናታል። ያን ዕለት የተማረችው ግን እውነቱ በሰው ፊት የሚደበቅ መሆኑን ነው። ከሴትየዋ ጥያቄ ይልቅ የጎዳት የእኛ ውሸት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምስር ስንለቅም መልስ እንለማመዳለን። እኛ እንጠይቃለን፣ እሷ ትመልሳለች። አንዳንዴ እሷ ጠያቂ ትሆንና እኛን ታስጨንቀናለች። አሜሪካ የጉዲፈቻ ቤተሰቦችን የሚያግዝ አንድ ማዕከል ለልጆች አራት ምርጫ ያስተምራል፦ ትቶ መሄድ፣ «የግል ጉዳዬ ነው» ማለት፣ ጥቂት መናገር፣ ወይም ስለ ጉዲፈቻ ማስረዳት። መልካም ነው። እኛ ሰፈር ግን ትልቅ ሰው እየጠየቃት ጥላ ብትሄድ «አሳዳጊ የበደላት» ትባላለች። ይህ ስድብ ደግሞ ለእኛ ልጆች ሁለት እጥፍ ያማል። ስለዚህ ለትልቅ ሰው «እማዬን ይጠይቋት» እንድትል ተስማማን። የቀረው የእኛ ፋንታ ነው። «እሱን ስታድግ ራሷ ትነግርዎታለች፤ ቡናው እንዳይቀዘቅዝብዎ» እንላለን።

ለእኩዮቿ ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ የእሷና የወንድሟ የአባት ስም ይለያያል፣ ልጆች ደግሞ ይህ አያመልጣቸውም። «እውነተኛ እናትሽ የት አለች?» ይሏታል። እኛ ያዘጋጀንላት መልስ ረጅም ስለነበር ረሳችው። የራሷ ይሻላል፦ «እናቴ ሥራ ናት። የወለደችኝ ሌላ ናት።» ካልፈለገች «አልነግርሽም» ትላለች። አንድ ነገር ግን አጥብቀን ይዘናል፤ ስለ ወለደቻት እናት «ጥላት ሄደች» የሚል ቃል ቤታችን ውስጥ አይነገርም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅን እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቆጥረዋል፤ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለውንም ዝምድና አያቋርጥም። ለልጅ ሲነገር «ሁለቱም እውነት ነው» ማለት ነው። ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ግን ጉዲፈቻ አይጸናም፤ በቃል ብቻ የምታሳድጉ አስቡበት። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቀርቷል፤ ቃሉ ሲነሳ ግን ዛሬም «ፈረንጅ ሊወስድሽ ነው?» የሚል አይጠፋም። ልጃችን አንድ ሌሊት ሙሉ ያልተኛችው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት። የአባላት መመዝገቢያ ቅጹ ላይ «የወለዷቸው ልጆች» እና «ሌሎች ጥገኞች» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ነበሩ። ያዘጋጀነው እኛው ነን። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ ስትሞላ እስክሪብቶው እጇ ላይ ቀረ፤ ልጁ ማንበብ ይችላል። አሁን ዓምዱ አንድ ብቻ ነው፤ «ልጆች» ይላል። ለደጋፊዎቻችን በምንልከው ሪፖርትም የእነዚህ ልጆች ታሪክና ፎቶ እናቶቹም ልጆቹም ሳይፈቅዱ አይወጣም። ጠይቃችሁን ያልላክንላችሁ ለዚህ ነው።

የድሮውን ቅጽ የሞላችሁ አዲሱን ከእኛ ውሰዱ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነን።