ስለ ማስፈሪያ ፊልምና ስለ ምስጢር ፍለጋ ትርኢት
(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ይኽንን ርእስ ባስመዘገብን ጊዜ ከኮሚቴው አንድ ጓደኛችን፥ «ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት መናገር ሲቻል ስለ አስከሬን መናገር ምን ይጠቅማል?» ብሎ ጠይቆናል። ጥያቄው የተገባ ነው። ዳሩ ግን ጠያቂው ራሱ ባለፈው ሳምንት እስከ እኩለ ሌሊት ከእኛ ጋራ ተቀምጦ ያይ እንደ ነበር ሳንጠቅስ አናልፍም።

ማየቱንማ ኹላችንም እናያለን። የምንከራከረው የትኛው ሊታይ ይገባዋል በሚለው ላይ ነው። ለዓርብ የፊልም ምሽት የታሰበው ፊልም «የተማሪን ጠባይ ያበላሻል» ተብሎ እንዲሰረዝ ሐሳብ ቀርቧል፤ እኛ በዚህ አንስማማም።

ፍርሃት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን በምድጃ ዳር ስለ ጭራቅ ሲያወሩልን ያደግን ነን። አያት ጭራቁን አያሳዩንም፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና ከደጅ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ዝም ይላሉ። የቀረውን ልጁ ራሱ ይሠራዋል። አልፍሬድ ሂችኮክም እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው «ሳይኮ» በተባለው ፊልሙ ያደረገው ይኽንኑ ነው። ሴትዮዋ በመታጠቢያ ቤት የምትገደልበት ትርኢት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ለመቅረጽ ግን ሰባት ቀን ፈጅቷል፤ የካሜራውም ቦታ ሰባ ጊዜ ያህል ተለዋውጧል። ቢላዋው ገላዋን ደጋግሞ ሲወጋ አየን ብለው የሚምሉ ብዙ ናቸው፤ ዐይናቸው ያየው ግን በአብዛኛው ቢላዋ፥ ፊት፥ ውሃና መጋረጃ ሲፈራረቁ ነው። ደሙ የቸኮላታ ሽሮፕ ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለ ኾነ ማንም አያውቅበትም። ሂችኮክ በመጀመሪያ ያ ትርኢት ያለ ሙዚቃ እንዲታይ አስቦ ነበር፤ በርናርድ ኸርማን በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ ያቀናበረውን ከሰማ በኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠ። ከመካከላችን ድምፁን ዘግቶ ያንን ክፍል ያየ ሰው አለ፤ ፍርሃቱ በግማሽ ቀነሰ ይላል።

ወጪውም ሊታወቅ ይገባል። ሂችኮክ በዚያ ዘመን በቴሌቪዥን የራሱ ተከታታይ ትርኢት ነበረው፤ «ሳይኮ»ንም የሠራው በአብዛኛው በዚያው በቴሌቪዥኑ ሠራተኞች፥ በ800,000 ዶላር ያህል ነው። ለሆሊዉድ ይኽ የኪስ ገንዘብ ነው።

ወደ ምስጢር ፍለጋው እንለፍ። የልጅነታችን እንቆቅልሽ ሕግ አለው። ተጠያቂው መልሱን ባያውቅ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል፤ አገሩን ከተቀበለ በኋላ ግን መልሱን መናገር ግዴታው ነው። ብዙዎቹ የፖሊስ ትርኢቶች በዚህ ሕግ ይሄዳሉ፤ አንድ ሰዓት አስቀምጠውን በመጨረሻ ገዳዩን ይነግሩናል፤ እኛም በማግስቱ እንረሳዋለን።

«ኮሎምቦ» ግን ነገሩን ገለበጠው። ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊሊያም ሊንክ የፈጠሩት ይኽ መርማሪ በፒተር ፎክ ተዋናይነት በቴሌቪዥን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ከ1971 ጀምሮ ተከታታይ ኾነ። ገዳዩ ማን እንደ ኾነ ገና ከመጀመሪያው እናያለን። የቀረው ጥያቄ እንዴት ይያዛል የሚለው ብቻ ነው። ደራሲዎቹ መርማሪውን ሲያስቡ በዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» ውስጥ ያለውን ፖርፊሪን መነሻ አድርገዋል። ገዳዮቹ በአብዛኛው ባለ ጠጎችና የተማሩ ናቸው፤ የተጨማደደ የዝናም ካፖርት ለብሶ፥ አሮጌ መኪና እየነዳ የሚመጣውን ሰው ይንቁታል። እርሱም ንቀታቸውን እንደ መሣሪያ ይዞ ይሠራበታል። ተሰናብቶ ደጃፍ ከደረሰ በኋላ «አንድ ነገር ብቻ» ብሎ ሲመለስ የማይደሰት ተማሪ አላየንም።

ኾኖም ሕግ የሚያጠኑት ጓደኞቻችን አንድ ነቀፌታ አላቸው። ትርኢቱ ገዳዩ በተያዘበት ሰዓት ያልቃል፤ ማስረጃው ፍርድ ቤት ቢቀርብ ይጸና እንደ ኾነ አናይም። ብዙ ጊዜ ገዳዩ ስለ ተሸነፈ ብቻ ያምናል። ይኽ ነቀፌታ እውነት ነው። ባለ ጠጋው ኹልጊዜ የሚያዝበት ዓለም ደስ ያሰኛል፤ ግን ደግሞ ያስተኛል።

እ.ኤ.አ. በ1990 ዴቪድ ሊንችና ማርክ ፍሮስት «ትዊን ፒክስ»ን ሲያወጡ የእንቆቅልሹን ሕግ ራሱን ተዳፈሩት። ሎራ ፓልመርን ማን ገደላት? መልሱን የመናገር ፍላጎት አልነበራቸውም። የቴሌቪዥኑ ድርጅት ግን ገፋፋቸውና በዚያው ዓመት በኅዳር ተናገሩ፤ በ1991 ትርኢቱ ተቋረጠ፤ የተመለሰውም በ2017 ነው። በዚህ ነገር እኛ ተከፍለናል። ሊንች ልክ ነበር የሚሉ አሉ። አብዛኞቻችን ግን አገር የተቀበለ ይናገር ባዮች ነን። ደግሞም መልሱ የተነገረበት ክፍል በቴሌቪዥን ካየነው ኹሉ የሚያስፈራው ነው፤ በጫካው ሲፈለግ የነበረው በሟቿ ቤት ውስጥ ተገኝቷልና።

አኹን ለዓርብ ወደ ታሰበው ፊልም እንመጣለን። ጆርጅ ሮሜሮ «የሕያዋን ሙታን ሌሊት»ን እ.ኤ.አ. በ1968 የሠራው በፒትስበርግ አካባቢ፥ በ114,000 ዶላር ያህል ነው። ሙታን ተነሥተው ሰው ይበላሉ፤ ሰባት ሰዎች በአንድ የገበሬ ቤት ተዘግተው ይጨቃጨቃሉ። ምድር ቤት እንውረድ ወይስ እዚሁ እንከላከል? ጊዜው በክርክር ያልቃል፤ ለመስማማት ባለመቻላቸው ሲጠፉ እናያለን። ስብሰባ የሚያዘወትር ሰው ይኽን ቢያይ ጠባዩ የሚበላሽበት ምክንያት አይታየንም።

ተቃዋሚዎቻችን በአንድ ነገር ልክ ናቸው። ፊልሙ በወጣ ጊዜ በአሜሪካ የዕድሜ ገደብ ሥርዐት ገና አልነበረም፤ ሥርዐቱ የመጣው ከወር በኋላ ነው። ሕፃናት በቀን ትርኢት ገብተው ማልቀሳቸውን ሃያሲው ሮጀር ኤበርት ጽፏል። ስለዚህ ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ እንዳትመጡ እንለምናለን። ከዚህ አልፎ ግን ለእኛ የሚከለከልበት ነገር የለም።

ዋናውን ሰው ቤንን የሚጫወተው ዱዌን ጆንስ ጥቁር ነው፤ በድርሰቱ ላይ ስለ ቀለሙ የተጻፈ አንዳች ነገር አልነበረም። ሌሊቱን በትጋት ተዋግቶ ብቻውን ይተርፋል። ሲነጋ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ይደርሳሉ፤ በመስኮት ያዩትና ከሙታን አንዱ መስሏቸው ግንባሩን ይመቱታል። ፊልሙ በጥቅምት ወጣ፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ነበር። ፊልሙ ግን ከግድያው አስቀድሞ የተቀረጸ ነው። ያየው ሰው ግን ኹለቱን ለይቶ ማሰብ አልቻለም፤ እኛም አንችልም።

ስለዚህ ኮሚቴው ፊልሙን እንዳይሰርዝ እንጠይቃለን። ዓርብ ማታ ከታየም፥ ቤን ሲወድቅ አልቋል ብሎ ካፖርቱን እየለበሰ የሚነሣ እንዳይኖር፥ መብራትም የሚያበራ እንዳይቸኩል አደራ። አስከሬኑን በሜንጦ ጎትተው ወደ እሳት ሲወስዱት የሚያሳዩት ፎቶግራፎች የሚመጡት የሠራተኞቹ ስም በሚታይበት ጊዜ ነው።