ከአውሮፓ ከተሞች የትኛውን እንመርጣለን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ በሐዋሳ ባህል አዳራሽ፣ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የምንናገርበት ርእስ «ለመጎብኘት ወይም ለመኖር ከአውሮፓ ከተሞች የትኛውን እንመርጣለን?» የሚል ነው። ርእሱ የጨዋታ ይመስላል፤ እኛም የጀመርነው በጨዋታ ነበር። ነገር ግን ጨዋታው ወደ ቁም ነገር ተለውጦብናልና እንዴት እንደ ተለወጠ ልንነግራችሁ እንወዳለን።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ፣ በጂኦግራፊ ትምህርት ሰዓት፣ እያንዳንዳችን ስማችንን ሳንጽፍ የምንወደውን የአውሮፓ ከተማ በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈን ሰጠን። ወረቀቶቹ ሲነበቡ ከሁሉ ብዙ መራጭ ያገኘችው ለንደን ሆነች። ምክንያቱም የእግር ኳስ ነው፤ አርሴናልና ቼልሲ የሚጫወቱት በዚያ ነውና። ማንችስተርና ማድሪድም በዚሁ ምክንያት ተመረጡ። ፓሪስን የመረጡት ስለ ኤፌል ግንብ፣ ቬኒስን የመረጡት በጀልባ ስለሚኬድባቸው መንገዶቿ ጻፉ። ከወረቀቶቹ በአንዱ ላይ ግን የከተማ ስም አልነበረም። «የትኛውም ይሁን፤ ብቻ ልድረስ» ይላል። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ሞላ። ማን እንደ ጻፈውም አልጠየቅንም።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ጓደኛችን ከክፍል ቀረ። የታመመ መስሎን ነበር። ጥቂት ቆይተን ግን ደላላ ተከትሎ በሱዳን በኩል ወደ ሊብያ መሄዱን ሰማን። ያን ጊዜ ወረቀቶቹን እንደ ገና አውጥተን ብናይ የእጅ ጽሑፉን አወቅነው። ስንስቅ እርሱም ከመካከላችን ተቀምጦ አብሮን ይስቅ ነበር። ከሊብያ አንድ ጊዜ ስልክ ደውሎ እናቱን አነጋግሯል፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ስሙን በዚህ አንጠራም። የሚያውቁት ያውቁታል።

ያች ወረቀት ጥያቄያችንን እንደ ገና እንድንመረምር አስገደደችን። ስለዚህ «ከእኛ በፊት ወደ አውሮፓ ከተሞች የደረሱ ኢትዮጵያውያን እነማን ናቸው? ምን ይዘው ሄዱ? ምንስ ገጠማቸው?» ብለን ማንበብ ጀመርን። ካነበብነው ጥቂቱን እናካፍላችኋለን።

መጀመሪያ ሮማን እንጥራ። ሮማ ለኢትዮጵያዊ ፈጽማ እንግዳ ከተማ አይደለችም። በቫቲካን፣ ከታላቁ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ጀርባ፣ የሐበሾች ተብሎ የሚጠራ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ሮማን ሊሳለሙ የሚሄዱ አባቶቻችን የሚያርፉት በዚያ ነበር። ከነርሱም አንዱ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1548 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በሮማ ማሳተም ጀመሩ። እኒህ አባት በባዕድ አገር ተቀምጠው የአገራቸውን መጽሐፍ በኅትመት አወጡ።

ዛሬም በሮማ ከባቡር ወርዶ ከጣቢያው የሚወጣ መንገደኛ በፊቱ የሚያገኘው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹም በጥር ወር 1879 ዓ.ም. በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። በዚያችው ከተማ ቁመቱ 24 ሜትር የሆነው የአክሱም ሐውልት በወረራው ዘመን ተወስዶ በ1930 ዓ.ም. ተተክሎ ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በሮማ ጎዳናዎች 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጠ። ሩጫው ሲጠናቀቅ መሽቶ ስለ ነበረ ወታደሮች በጥንታዊው በአፒያ መንገድ ዳር ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አበበ ከተፎካካሪው ተለይቶ የወጣው በዚያ ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ነው፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድም አሸነፈ። ሐውልቱም ከረጅም ክርክር በኋላ ለሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተጭኖ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመለሰ፤ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ተተክሎ ተመረቀ። ይህን ሁሉ ሳያውቅ ሮማን የሚጎበኝ ኢትዮጵያዊ ድንጋይ ብቻ አይቶ ይመለሳል ብለን እናስባለን።

ሁለተኛዋ ከተማ በጀርመን አገር የምትገኘው ትንሿ ጎታ ናት። ከእኛ መካከል ስሟን አስቀድሞ የሰማ አልነበረም። የመካነ ሥላሴው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ በሮማ ሳሉ ኢዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ጋር ተዋወቁ። በኋላም በፈረንጆች 1652 የጎታው ልዑል ኤርንስት በቤተ መንግሥቱ ተቀበላቸው። በዚያ ተቀምጠው ለሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ አስተማሩት፤ ስለ አገራቸው ታሪክ፣ ስለ ሕዝቡና ስለ ልማዱም ነገሩት። ሉዶልፍ በፈረንጆች 1698 በፍራንክፈርት ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ከዚህ ትምህርት የተገኘ ፍሬ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ወደዚያ ከተማ የገቡት እንደ መምህር ነው። ነገር ግን አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም፤ በፈረንጆች 1658 ወደ ቤታቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብራ በሜዲቴራንያን ባሕር ሰጥመው ሞቱ።

ሦስተኛዋ ጄኔቭ ናት። ስለ ንጽሕናዋና ስለ ሐይቋ ውበት ብዙ ተጽፏል፤ እኛም የሐይቅ ዳር ልጆች ስለ ሆንን ሐይቋን ብናይ ደስ ይለናል። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያዊ በዚያ ሲቆም ሌላም ነገር ማስታወስ ይገባዋል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው በሕዝባቸው ላይ ስለ ተረጨው የመርዝ ጋዝ በአማርኛ ተናገሩ። የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ቢሞክሩ ተይዘው ከአዳራሹ ወጡ። ጉባኤው ንግግሩን ሰማ፤ ነገር ግን ጥቂት ቀናት ቆይቶ በኢጣልያ ላይ የተጣለው የንግድ ማዕቀብ እንዲነሣ ተወሰነ። ከተማ ውብ ሆኖ ሳለ ልመናህን የማይሰማበት ጊዜ እንዳለ ከጄኔቭ ተማርን።

ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ በሚባል ቤት እስከ 1932 ዓ.ም. በስደት ተቀመጡ፤ በኋላም ቤቱን ለከተማይቱ አረጋውያን መጠጊያ እንዲሆን ሰጡ። ከስደተኞቹ አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። እኒህ ሰው በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ጋር የአውሮፓን ታላላቅ ከተሞች ጎብኝተው «ደስታና ክብር» የተባለውን የጉዞ መጽሐፍ ያሳተሙ ናቸው። ያን ጊዜ በየከተማው የተቀበሏቸው በሰልፍና በሙዚቃ ነበር። በ1931 ዓ.ም. ግን አገራቸው በጠላት እጅ ሳለች በዚያው በባዝ በስደት ዐረፉ። አንድ ሰው አውሮፓን በእንግድነትና በስደተኛነት ቢያያት ሁለት ልዩ ልዩ አገሮች ሆነው እንደሚታዩት ከዚህ ይታወቃል።

ወደ ለንደን እንመለስ፤ ከሁሉ በላይ የመረጥናት እርሷ ናትና። ከለንደን ብዙ የማይርቀው የዊንድሰር ግንብ በውስጡ የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አለው። በዚያ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ተቀብሯል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ እንግሊዞች ሲወስዱት የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በመንገድ ሞቱበት። በታላላቅ ትምህርት ቤቶች አስተማሩት፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ታስብለት ነበር። ልብስ፣ ምግብና መጻሕፍት አልጎደሉትም። ሆኖም በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ ታሞ ሞተ። ዕድሜው 18 ዓመት ነበር። እኛም በዚህ የቆምነው አብዛኞቻችን 18 ዓመታችን ነውና ይህን ባነበብን ቀን በክፍላችን ማንም አልሳቀም። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. እንደማይቀበለው አስታውቋል።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ የጓደኛችንን ወረቀት እንደ ገና አነሣን። «የትኛውም ይሁን፤ ብቻ ልድረስ»። ይህ ቃል የሞኝ ቃል አለመሆኑን አሁን እናውቃለን። ሥራ የሌለው ታላቅ ወንድም በቤቱ ያለው፣ ተምሮም ቦታ አላገኝም ብሎ የፈራ ልጅ የሚናገረው ነው። እኛም ከዚህ ፍርሃት ነጻ ነን ብንል እንዋሻለን። ስለዚህ «አትሂዱ» ብለን ልንሰብክ አልመጣንም፤ አባቶቻችንም ሄደዋልና።

ነገር ግን መንገዱን ማወቅ ይገባናል። መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. የኢጣልያ ግዛት በሆነችው በላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ አንዲት ጀልባ በእሳት ተያይዛ ተገልብጣ ከ360 በላይ ሰዎች አለቁ፤ የሚበዙት የኤርትራ ልጆች ነበሩ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ወንድሞቻችን በሊብያ ምድር በግፍ መገደላቸው ሲሰማ አገር በሙሉ አለቀሰ። በዚያው ምድር መንገደኞችን አስረው እየደበደቡ፣ ጩኸታቸውን በስልክ ለቤተሰብ እያሰሙ ማስለቀቂያ የሚጠይቁ ሰዎች መኖራቸውንም ሁላችን ሰምተናል። አባ ጎርጎርዮስን የዋጠው ባሕር ዛሬም ያው ባሕር ነው።

ከዚህ በኋላ በክፍላችን ምርጫውን እንደ ገና አደረግን። በዚህ ጊዜ ግን ከከተማው ስም ሌላ ሁለት ጥያቄ ጨመርን። ይኸውም «በዚያ ምን ትሠራለህ?» እና «ምን ይዘህ ትመለሳለህ?» የሚል ነው። መልሱ እጅግ ተለወጠ። አንዲት እኅታችን የኖርዌይን ከተማ ቤርገንን መረጠች፤ የቤርገን ዩኒቨርሲቲ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ጋር በጤና ጥናት አብሮ ሲሠራ የቆየ ስለ ሆነ በዚያ ተምራ በሲዳማ ገጠር እናቶችን ለማከም ታስባለች። አንዱ ወንድማችን የሆላንድን ከተማ ዴልፍትን መረጠ። በዚያ ስለ ውኃ የሚያስተምር የታወቀ ተቋም አለ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ተምረውበታል። እርሱ አባቱ በአሞራ ገደል ዓሣ የሚያሰግር ነውና የሐይቃችንን ውኃ የሚመረምር ሰው መሆን ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ ጎታን መረጠ፤ ምክንያቱን ስንጠይቀው «አማርኛን ለማስተማር» አለን። ለንደንን ያልተዉም አሉ፤ ኳሱን አይተው እንደሚመለሱ በጽሑፍ ቃል ገብተዋል!

በሕጋዊው በር መግባት ቀላል ነው አንልም። ትዕግሥትና ጥሩ ውጤት ይጠይቃል፤ የሚገባውም ጥቂቱ ነው። ሆኖም በሩ አለ። በአገር ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪውን በመልካም ውጤት የጨረሰ ተማሪ ኤራስመስ ሙንዱስ በሚባለው በአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ዕድል ለማስተርስ ሊወዳደር ይችላል፤ በዚያም ትምህርቱን በአንድ አገር ጀምሮ በሌላ አገር ይጨርሳል። የጀርመን መንግሥትም ዳአድ በተባለው ድርጅት በኩል ለውጭ አገር ተማሪዎች ዕድል ይሰጣል። እነዚህን ለማመልከት ደላላ አያስፈልግም።

ስለዚህ ሁለት ልመና አለን። መምህራኖቻችን ሆይ፣ በቤተ መጻሕፍታችን አንድ ሰሌዳ ተሰቅሎ እንዲህ ያለው ማስታወቂያ በየጊዜው እንዲለጠፍበት ፍቀዱልን፤ ጽሑፉን እየፈለግን የምናመጣው እኛ ነን፤ ከእኛ በኋላም ታናናሾቻችን ይቀጥሉታል። ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ በማታ ስልክ ይዞ ከማታውቁት ሰው ጋር ሲንሾካሾክ ብታዩት ከመቆጣታችሁ በፊት ጠይቁት። ላም ሸጣችሁ፣ መሬት አስይዛችሁ ለደላላ አትክፈሉ። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከእናንተ አንዱ «የትኛውም ይሁን» ሲል ብትሰሙ እንደ እኛ አትሳቁ። አጠገቡ ተቀመጡና አነጋግሩት።

ይህች የቆምንባት ከተማችን ሐዋሳም ብዙ ሰው መርጦ የመጣባት ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ገዥ ሳሉ በሐይቁ ዳር ስትቆረቆር ቀጥ ብለው የተዘረጉ መንገዶች ብቻ ነበሯት፤ የሞሏት ከየአቅጣጫው ሊሠሩ የመጡ ሰዎች ናቸው። ሮማንና ለንደንንም ያቆሟቸው እንደዚሁ ሰዎች ናቸው።

የጓደኛችን መቀመጫ በክፍላችን እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ማንም እንዲቀመጥበት አልፈለግንም። ያች ወረቀትም ከእኛ ጋር አለች። ወደ አገሩ በደኅና ሲመለስ እንሰጠዋለን፤ በጀርባዋም ላይ የምንወደውን የከተማ ስም አብረን እንጽፍበታለን።

እግዚአብሔር በመንገድ ያሉትን ሁሉ ይጠብቅ።