ሕዝብ የሚወዳቸው ጥንዶች፤ ከአንድሮሜዳ እስከ ተዋበች



የጥንት ግሪኮች በስማቸው ከዋክብትን ከሰየሙላቸው ጥንዶች መካከል ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ይበልጥ የሚቀርቡት ፔርሴዎስና አንድሮሜዳ ናቸው። በተረቱ መሠረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ነበረች። ግሪኮች በዚህ ስም የሚጠሩት ሰፊውን የጥቁር ሕዝብ አገር እንጂ የዛሬዋን ኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። እናቷ በውበት በመመካቷ ባሕሩ ተቆጣ፤ ልጅቱም ለባሕር አውሬ መሥዋዕት እንድትሆን ከዐለት ጋር ታሰረች። ፔርሴዎስ አውሬውን ገድሎ አዳናት፤ እርስዋም ከወላጆቿ ጋር መቅረትን ትታ በፈቃድዋ ተከተለችው።

ኤውሪጲዴስ ይህን ታሪክ በ412 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ለመድረክ አበቃው። ከብዙ ዘመን በኋላ ሉቅያኖስ የተባለው ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ የአብዴራ ከተማ ሰዎች ተውኔቱን በበጋ ሐሩር ካዩ በኋላ ትኩሳት ያዛቸው፤ ትኩሳቱ ሲለቃቸውም የፔርሴዎስን የፍቅር ንግግር በየጎዳናው እየጮኹ ሲያነበንቡ ሰነበቱ። ያበረዳቸው የክረምቱ ቅዝቃዜ ነው። ሉቅያኖስ ነገሩን ለፌዝ ቢጽፈውም የገለጸው ጠባይ ዛሬም አለ። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ወጣቶች ስለ ሐዴስና ፔርሴፎኔ፣ ስለ አኪሌስና ፓትሮክሎስ አዲስ ታሪክ ይጽፋሉ፤ ሥዕል ይሥላሉ፤ ማን ለማን እንደሚገባ ይከራከራሉ።

በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ይህን ስፍራ የያዙት ካሣና ተዋበች ናቸው። ተዋበች መቀመጫቸው ደብረ ታቦር የነበረው የራስ ዓሊ ልጅ፣ የእቴጌ መነን የልጅ ልጅ ናቸው። ጋብቻው ኃይሉ እያደገ የሄደውን የቋራውን ሰው በዝምድና ለማሰር የታሰበ ነበር። ሆኖም ተዋበች ከአባታቸው ይልቅ ለባላቸው ታመኑ። ካሣም በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አደረጉ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት ለመድረክና ለልብ ወለድ ካበቁት ደራስያን መካከል ናቸው። ሕዝቡም ባልና ሚስቱን እንደ ራሱ ዘመድ ይወዳቸዋል።

ፍቅሩ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አንድ ጥንድ ብቻ ሲወደድ ሌላው ሰው ከታሪኩ ይወጣል፤ ዘመኑም ይዛባል። እቴጌ ተዋበች ያረፉት በነሐሴ 1850 ዓ.ም. ነው። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው ግን በ1859 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ብረት ሲፈስ ተዋበችን በዚያ ስፍራ የሚያቆም ተራኪ ወደ ዘጠኝ ዓመት ይስታል።

በዚያን ጊዜ እቴጌዋ ጥሩወርቅ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ሊነግሡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ደረስጌ ላይ ድል አድርገው ያሰሯቸው የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ጋብቻው የተፈጸመው በ1852 ዓ.ም. ሲሆን ልዑል ዓለማየሁ በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ተወለደ። ይህ ጋብቻ ሰላም እንዳልነበረው ይነገራል፤ ሕዝብ ያልዘፈነለትም ምናልባት ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ የመጨረሻውን መከራ የተቀበሉት ጥሩወርቅ ናቸው።

መድፉ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሣ። ዛሬ በገሳይ አድርጎ ወደ ነፋስ መውጫ የሚጓዝ ሰው ያን የመሰለ ሸክም በዚህ ደጋና ገደል ማሳለፍ ምን ማለት እንደ ነበር ይገባዋል። መንገዱ እየተጠረገ፣ ሰው እየጎተተ፣ መቅደላ እስኪደርስ ወደ ስድስት ወር ፈጀ። በሚያዝያ ወር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሰዉ። እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በግንቦት ዐረፉ፤ ጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። እናትና አባቱን በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ያጣው የሰባት ዓመት ሕፃን ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሞት ተለየ፤ መቃብሩም በዊንድዘር ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤ መሐንዲስ ሸክም የተሸከመውን ምሰሶ ስላላማረ ብቻ ከንድፉ አያወጣም። ጋፋትን ለእንግዳና ለተማሪ የሚያስጎበኝ የሙያ ሰው ሁሉ የተዋበችን ፍቅር በደስታ ይተርክ፤ የጥሩወርቅንም ስም ከነዓመተ ምሕረቱ ይጥራ። መድፉን የጎተቱት ስማቸው ያልተጻፈ የበጌምድር ሰዎችም አብረው ይታወሱ። ተዋበች በዚህ የሚቀነስባቸው ክብር የለም፤ ጥሩወርቅ ግን የሚገባቸውን ያገኛሉ።