ዝም ያለ ሁሉ አልዳነም
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከአንድ የሕክምና ተማሪ የተደረገ ንግግር)



«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ያገራችን ሰው። ምክሩ ለብዙ ነገር ይበጃል። ነገር ግን ሐኪምን ሁለቱንም ዛፍ ባንድ ጊዜ እንዲወጣ የሚያስገድድ ሕመምተኛ አለ። ይኸውም በአንድ ወገን እጁ የሚንቀጠቀጥና ሰውነቱ የሚገታተር፤ በሌላው ወገን ደግሞ የሌለ ነገር የሚያይና ያልተነገረ ቃል የሚሰማ ሰው ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ሰው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 ዓ.ም. ስለ መንቀጥቀጥ ሕመም አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሕመሙም ኋላ በስሙ ተጠራ። በሕመምተኛው አንጎል ውስጥ የሚጐድለው ነገር ምን እንደ ሆነ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆየ። በ1960 ዓ.ም. በቪየና ኤሪንገርና ሆርኒኪየቪች የተባሉ ሊቃውንት በዚህ ሕመም የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው፤ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር እጅግ አንሶ አገኙት። ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል አይሻገርም፤ ሌቮዶፓ ግን ተሻግሮ በዚያ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ስለዚህ ሌቮዶፓ እስከ ዛሬ የሕክምናው ምሰሶ ሆኖ ይኖራል። ይህ አንዱ ዛፍ ነው።

ሁለተኛው ዛፍ የበቀለው በፓሪስ ነው። በ1952 ዓ.ም. ዣን ደሌና ፒዬር ደኒከር ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት የአእምሮ ሕሙማንን ሁከትና ቅዠት እንደሚያበርድ አስታወቁ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ሃሎፔሪዶል በቤልጅግ ተሠራ። እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት በአንጎል ውስጥ የዶፓሚንን መቀበያ በመዝጋት መሆኑ ኋላ ታወቀ።

እንግዲህ ችግሩን ተመልከቱ። እግር እንዲራመድ ዶፓሚን እንጨምራለን፤ አእምሮ እንዲረጋ ዶፓሚንን እንዘጋለን። ሁለቱም በሽታ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን ይደረጋል?

ለምሳሌ ያህል፤ ለብዙ ዓመት ፓርኪንሰን የያዛቸውን አንድ አዛውንት እናስብ። በመጀመሪያ በግቢያቸው የሌሉ ሕፃናትና ድመቶች ይታዩአቸዋል፤ እውነት አለመሆኑንም ራሳቸው ያውቃሉ። እያደር ግን ይህ ማስተዋል ይጠፋና አንድ ሌሊት «ሌባ ገባ» ብለው ይጮኻሉ። ቤተ ሰባቸው ወደ ሕክምና ያመጧቸዋል። የቸኰለ ሐኪም ሃሎፔሪዶል ይወጋቸዋል። አዛውንቱ ዝም ይላሉ፤ ልጆቻቸውም ሐኪሙን ያመሰግናሉ። ነገር ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ከአልጋ መነሣት ያቅታቸዋል፤ ምራቃቸውን መዋጥ ይሳናቸዋል፤ ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ ለሞት ሊያደርሳቸው ይችላል። ዝም አሉ እንጂ አልዳኑም!

ታዲያ ትክክለኛው መንገድ የቱ ነው? በመጀመሪያ መድኃኒት ከመጨመር በፊት ምክንያት መፈለግ ነው። የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፤ የውሃ ጥም፤ በቅርቡ የተጀመረ ሌላ መድኃኒት አእምሮን ሊያውክ ይችላል። ቀጥሎም ሕመምተኛው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች አንድ በአንድ መመርመርና አእምሮን በይበልጥ የሚያውኩትን፤ እንደ ትራይሄክሲፈኒዲል ያሉትን፤ አስቀድሞ መቀነስ ነው። ሌቮዶፓ የሚነካው በመጨረሻ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀስ በቀስ ነው፤ በድንገት ቢቋረጥ ብርቱ ትኵሳትና የሰውነት መድረቅ አስከትሎ ሊገድል ይችላልና። ለማስታወክ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራሚድም፤ እኛ ፕላሲል የምንለው፤ ዶፓሚንን ስለሚዘጋ ለእነዚህ ሕሙማን መሰጠት የለበትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቅዠቱ ካልተወ ክሎዛፒን አለ። በ1999 ዓ.ም. ከአሜሪካና ከፈረንሳይ ሁለት ጥናቶች ታተሙ፤ በያንዳንዳቸው 60 የፓርኪንሰን ሕሙማን ነበሩ። ክሎዛፒን ቅዠታቸውን ቀነሰ፤ እንቅስቃሴአቸውን ግን አላባሰም። መጠኑም በቀን ከ50 ሚሊግራም አይበልጥም ነበር፤ ለስኪዞፍሬንያ ግን ብዙ ጊዜ 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ክሎዛፒን በጥቂት ሰዎች ላይ ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚያጠፋ ደምን በየጊዜው መቍጠር ግድ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ የተፈቀደው ፒማቫንሰሪን ደግሞ ዶፓሚንን ሳይነካ የሚሠራ ነው። እንግዲህ ደም መቍጠሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ለሚሠራ ሰው ትልቁ መሣሪያው ምክንያትን መፈለግና መጠንን መቀነስ መሆኑን ልብ በሉ። ይህ ከማስተዋል በቀር ወጪ አይጠይቅም።

ነገሩ በተገላቢጦሽም ይመጣል። ስኪዞፍሬንያ የያዘው ወጣት ሃሎፔሪዶል ሲጀምር ድምፆቹ ይተዉታል፤ ነገር ግን ፊቱ እንደ ጭምብል ይደርቃል፤ አንገቱ ይጣመማል፤ ወይም እግሩ እየተቍነጠነጠ መቀመጥ ያቅተዋል። ቤተ ሰቡ «መድኃኒቱ አሰረው» ብለው ያስቆሙታል፤ በሽታውም ይመለሳል። እኛም «አልታዘዝ አሉ» እንላለን። በጥንት ጊዜ አንዳንድ ሐኪሞች ይህን መድረቅ መድኃኒቱ ለመሥራቱ ምልክት አድርገው ይቈጥሩት ነበር። ክሎዛፒን ግን ሳያስር አእምሮን ማርጋት እንደሚቻል አስረድቷል። ስለዚህ መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን መለወጥ የሐኪሙ ግዴታ ነው እንጂ ለበሽተኛው የሚደረግ ቸርነት አይደለም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገ በየክፍለ ሀገሩ ስንበተን ሕመምተኛውን የሚያመጡልን ሰዎች በብዛት የሚለምኑን አንድ ነገር ነው፤ «ዝም አሰኙልን» ይላሉ። ችግራቸው እውነተኛ ስለሆነ አንፈርድባቸውም። እኛ ግን ከዚያ አልፈን እንጠይቅ። ተነሥቶ ይራመዳልን? ጽዋውን በእጁ ይይዛልን? ይውጣልን? የልጁን ስም ይጠራልን? አእምሮውን አረጋግተን አካሉን ካሰርነው፤ ወይም አካሉን ፈትተን አእምሮውን ለቅዠት ከተውነው፤ ግማሽ ሰው አከምን ማለት ነው። ሁለቱን በሽታ የተሸከመው ግን አንድ ሙሉ ሰው ነው።