ንድፏ የጠፋባት መንኮራኩር
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ሞዴል መሥራት ለመሐንዲስ እንግዳ ነገር አይደለም። ግድብ ከመገደቡ በፊት የውሃው ጠባይ በትንሽ አምሳያ ይፈተናል። የሲኒማ ሞዴል ፈታኙ ግን የተመልካች ዓይን ነው። ከእነዚህ ሞዴሎች መካከል በታላቅነቷ የምትጠቀሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. በወጣው «2001፦ የጠፈር ጉዞ» በተባለው የስታንሊ ኩብሪክ ፊልም የታየችው ዲስከቨሪ ናት።

መንኮራኩሪቱ የተሠራችው በእንግሊዝ አገር፣ ቦረምዉድ በሚገኝ ስቱዲዮ ነበር። ከነዳፊዎቹ አንዱ ሃሪ ላንግ ቀደም ሲል በናሳ የሠራ ሰው ስለ ነበረ፣ ቅርጿ የምሕንድስና ምክንያት አለው። ሰዎቹ የሚኖሩበት ክብ ክፍል ከፊት፣ የኑክሊየር ሞተሩ ከኋላ ሲሆን፣ ሁለቱን ረጅም አከርካሪ ያለያያቸዋል። ርቀት እጥፍ ሲሆን የጨረር ብርታት ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ርዝመቱ ራሱ መከላከያ ነው።

ትልቁ ሞዴል 54 ጫማ፣ ማለትም 16.5 ሜትር ያህል ይረዝም ነበር፤ ሁለተኛው 15 ጫማ ነበር። ለመግዘፉ ምክንያት አለው። ካሜራ ወደ ትንሽ ዕቃ ሲጠጋ የቀረበው ጠርቶ የራቀው ይደበዝዛል፤ ተመልካቹም መጫወቻ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። መድኃኒቱ የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ነው፤ ቀዳዳው ሲጠብ ደግሞ ብርሃን ስለሚያንስ እያንዳንዱ ምስል ረጅም ጊዜ ይጠይቃል። አንዱ ምስል 4 ሰከንድ ቢወስድ፣ ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ስለሚያሳይ፣ ለአንድ ሰከንድ ትርኢት 96 ሰከንድ ይፈጃል። የገጽዋ ጥቃቅን ዕቃዎችም በገበያ ከሚሸጡ የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ሞዴሎች በተወሰዱ ቁርጥራጮች ተሟሉ።

ይህን ያህል ተጠንቅቀው ሳለ አንድ ነገር አውቀው ተዉ። በጠፈር አየር ስለሌለ የሞተር ሙቀት የሚወገደው በጨረር መልክ ነው፤ ለዚህም ሰፋፊ የሙቀት ማስወገጃ ሰሌዳዎች ያስፈልጋሉ። የታሪኩ ተባባሪ ደራሲ አርተር ክላርክ በኋላ እንደ ገለጸው፣ ተመልካቹ ክንፍ መስለውት ግራ እንዳይጋባ ሲባል ሰሌዳዎቹ ቀሩ።

ከዚህ የከፋው ጉዳት ግን የደረሰው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። የዲስከቨሪ ሞዴሎች ፈረሱ። እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. የወጣው «2010» የተባለው ተከታይ ፊልም ሲሠራ መነሻ የሚሆን ሞዴልም ንድፍም ስላልተገኘ፣ ባለሙያዎቹ የቀድሞውን ፊልም ምስሎች እያጎሉ ልኬቱን ከዚያ ላይ ለቀሙ። አንድ ጊዜ በትክክል ተለክቶ የተሠራው ዕቃ እንደ ገና ከጥላው ላይ ተለካ። ከዚያው ፊልም ሞዴሎች የተረፈችው ኤሪስ የተባለችው የጨረቃ ማመላለሻ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በ344,000 ዶላር ተሸጠች፤ ትናንት እንደ ትርፍ ዕቃ የታየው ዋጋው የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤ የሲኒማ ሰው ንድፉን ቢጥል የሚከፍለው ድካምና ገንዘብ ነው፤ ቢያንስ መልሶ የሚያየው ፊልም አለው። የአንድ ከተማ የውሃ መስመር ወይም የአንድ ድልድይ መሠረት ንድፍ ሲጠፋ ግን መልሶ የሚታይ ምስል የለም፤ የተቀበረው ቧንቧ የሚፈለገው በዶማ ነው፤ ዶማው ሲስት ውሃው ይቋረጣል። ስለሆነም ሪባኑ ቢቆረጥም እንኳ፣ እንደ ተሠራው ሆኖ የታረመው ንድፍ መዝገብ ቤት እስኪገባ ድረስ ሥራው አልተፈጸመም።