ሪፖርቱ ከተላከ በኋላ

እኛ ስንገናኝ የሚወራው ስለ ካፌው ሽሮና ስለ አናቶሚ ፈተና ነው። እኔ ግን ከጭሮ ድረስ መጥቼ ስለ ሪፖርት ላወራችሁ ነው፤ ታገሡኝ።

ጭሮ፣ ትልልቆቹ እስካሁን አሰበ ተፈሪ የሚሏት፣ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከሂርና፣ ከበዴሳ፣ ከገለምሶ የከበደ ሕመምተኛ ወደዚያ ይመጣል። ይቺን ያዙልኝ፣ ትፈለጋለች።

የጤና ተቋም ወር ከ21 እስከ 20 ነው። በ20 መዝገቡ ይደመርና ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል፣ እስከ ሚኒስቴሩ ይወጣል። ዛሬ በዲኤችአይኤስ ቱ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሞላው። ኮምፒውተሩ ፍጥነት ጨመረ፤ እውነት ግን አይጨምርም።

አፈጻጸም በመቶኛ ሲወጣ ላይኛው ቁጥር የእኛ ነው። ታችኛው፣ ማለትም ሊገለገል የሚገባው ሰው ብዛት፣ ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ተነሥቶ በግምት የተሰላ ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። አሁን ከገጠር ቀበሌ የመጣች እናት ጭሮ ትወልዳለች እንበል። ከተማው ከመቶ በላይ ይፈጽማል፣ የእሷ ቀበሌ ቀይ ይሆናል። ስብሰባ ላይ ለአንዱ ይጨበጨባል፣ ሌላው ይገመገማል። የሠራችው እኮ አምቡላንሷ ናት!

«ይገመገማል» አልኩ። ቃሉ ራሱ ችግር አለበት። በእኛ አገር ሰው «ተገመገምኩ» ሲል ሥራዬ ተመዘነ ማለቱ አይደለም፤ ተወቀስኩ ማለቱ ነው። አንድ ቦታ፣ ስሙ ይቅር፣ የጤና ጣቢያው የክትባት ፍሪጅ ተበላሸ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የከተበቻቸውን ጥቂት ልጆች ልክ እንደሆነው ጻፈች። «ወረዳውን ወደ ኋላ ጎተትሽ» ተብላ በሰው ፊት ተወቀሰች። በሚቀጥለው ወር ቁጥሯ እንደ ሌሎቹ ሆነ። ፍሪጁ ግን ገና አልተሠራም ነበር። እኔ በእሷ አልፈርድም፤ እውነት በመጻፏ የከፈለችውን ጓደኞቿ ሁሉ አይተዋል።

ኩፍኝ ደግሞ ሪፖርት አያነብም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤት ለቤት ሲጠይቅ፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ የወሰዱት ከመቶ 39 ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ 89፣ አፋር 15። ከተቋማት ተደምሮ የሚመጣው የክትባት ሪፖርት ግን በዚያው ሰሞን ከዚህ እጅግ የላቀ ነበር። በመካከል ያሉት ልጆች የት ናቸው?

መፍትሔው አዲስ ቅጽ አይመስለኝም፤ ቅጽስ ሞልቶናል። ከሪፖርቱ 12 ነጥቦችን መርጦ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር የሚባል ቀላል ዘዴ አለ፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ተቋሙ ራሱ፣ ከመላኩ በፊት፣ ተቆጣጣሪ ሳይመጣበት ቢሠራው ያው ቁጥር የራሱ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ኅብረተሰቡ ለጤና ጣቢያው ውጤት የሚሰጥበት መድረክ ነው። አንዱ ላይ ተቀምጬ ነበር። እናቶቹ ስለ ሐኪም እጥረት ያማርራሉ ብዬ ስጠብቅ «ማዋለጃ ክፍሉ ውሃ የለውም፣ ጄሪካን ይዘን ነው የምንመጣው» አሉ። ከላክናቸው መቶኛዎች አንዱም ይህን አልነገረንም።

እናንተ መምህራን ጋ ያለኝ ጉዳይ ይኸው ነው። በየዓመቱ ተማሪዎች ወደ ገጠር ትልካላችሁ። በር እያንኳኩ ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይከላከላሉ፣ ጥራዙ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። የተጠየቀችው እናት ግን መልሱን ሰምታ አታውቅም። ተማሪው ከመመረቁ በፊት ያገኘውን በአንድ ገጽ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ለጤና ጣቢያውና ለቀበሌው ሰው ያንብብ፤ ነጥቡም እዚያ ላይ ይሰጠው። ማደሪያውን እኛ እንፈልጋለን። ለመጪው ሴሚስተር ተማሪ መላክ የሚፈልግ መምህር ካለ፣ ከሻይ በኋላ እዚሁ አለሁ።