ይድረስ ለቃኘው ዘማች

ከሴኡል በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ውኃ የከበባት ቹንቾን የምትባል የኮሪያ ከተማ አለች። ውኃው ዳር በኮሪያ ጦርነት ከደቡብ ኮሪያ ጎን ለተዋጉ የኢትዮጵያ ወታደሮች የቆመ ሐውልት አለ። በ1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከሐውልቱ አጠገብ በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ ካፌ ተከፈተ። ካፌው ዛሬም ቡና ያፈላል። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ጣሪያው የእኛን ጎጆ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ የመታሰቢያ ሙዚየም ተጨመረ። የዚያ አገር ተማሪዎች ለእነዚህ ወታደሮች የምስጋና ደብዳቤ ይጽፋሉ። ልጆች ናቸው፤ ጦርነቱን ያዩት አያቶቻቸው እንጂ እነሱ አይደሉም።

እኛስ ለእነዚህ ሰዎች ጽፈን እናውቃለን? ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ይህንን ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከጅቡቲ ወደብ በመርከብ ተነሣ። ቃኘው የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ከሳምንታት የባሕር ጉዞ በኋላ ፑሳን ደረሱ፤ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ሆነውም ተዋጉ። ከአፍሪካ የምድር ጦር የላከች አገር ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። ሻለቆቹ እየተተካኩ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያን ረገጡ፤ ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው አልተማረከም። የሞተ ጓዳቸውን ሜዳ ላይ ትተው አለመመለሳቸው እስከ ዛሬ ይነገርላቸዋል። እስቲ አስቡት፤ የበረዶ ክረምት አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ፣ የቆላ ልጅ፣ ውኃ በኮዳ ውስጥ በሚረጋበት ክረምት ምሽግ ውስጥ ቆሞ ያድራል።

እኔን ከውጊያው ይበልጥ የሚነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ወታደሮች ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ላጡ ሕፃናት ማሳደጊያ ከፍተው ነበር። ከደመወዛቸው እያዋጡ ቋንቋቸውን የማያውቁትን ልጆች አበሉ፣ አለበሱ። የወታደር ደመወዝ ምን ያህል እንደነበረ የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ወደ አገር ሲመለሱ ሰልፍ ነበር፣ ሜዳሊያ ነበር፣ የንጉሠ ነገሥቱ ምስጋና ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ኮሪያ ሰፈር የሚለው ስም የመጣውም ከእነሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በክብር ዘበኛ አዛዥ የተመራው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መጣና ክብር ዘበኛ መሆን ራሱ የሚያስጠረጥር ነገር ሆነ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጀ፤ አዲስ አበባ ያለው የትግላችን ሐውልት የተሠራው በእነሱ እገዛ ነው። በዚህ ጊዜ ለደቡብ ኮሪያ የተዋጋ ሰው ምን ይበል? ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ ማድረግ ቀርቶ ስለ ዘመቻው ማውራትም አስፈሪ ሆነ። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት የኖረ ብዙ ሜዳሊያ አለ።

በእኛ አገር የወታደር ምስጋና ከመንግሥት ጋር ይመጣል፣ ከመንግሥት ጋር ይሄዳል። ቃኘዎች ብቻ አይደሉም። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ ያ ትልቅ ሠራዊት ሲበተን፣ ትናንት ጀግና ሲባል የነበረው ሰው ዩኒፎርሙን እንደለበሰ አስፋልት ዳር እጁን ሲዘረጋ ያየን ብዙዎች ነን። አንድ አዋጅ ያከበረውን ሌላ አዋጅ ያዋርደዋል። የጎረቤት ልጅ በእጇ የጻፈችውን ወረቀት ግን ማን ይሽረዋል? ማንም። ስለዚህ ነው ደብዳቤው ከእኛ፣ ከተራው ሰው እንዲመጣ የምፈልገው።

ምን ብለን እንጻፍ? «ለጀግናው ሠራዊታችን» ብሎ ለሁሉም የሚላክ ደብዳቤ ለማንም አይደርስም። ደብዳቤ ባለቤት አለው። የሰውየውን ስምና ማዕረግ አስቀድሙ። እንደ ጥንቱ፦ «ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለሃምሳ አለቃ እገሌ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እርስዎ አያውቁኝም፤ እኔ ግን ዶንግዱቾን ላይ ከደመወዛችሁ አዋጥታችሁ ልጆች ማሳደጋችሁን ሰምቼ ነው የምጽፍልዎ።» እንዲህ ነው። ያመሰገናችሁበት ነገር ይታወቅ። ሰው ያደረገው ተለይቶ ሲነገረው ሰሚ እንዳገኘ ያውቃል፤ «ጀግና ነዎት» ብቻ ሲባል ግን ምን ብሎ ይመልስ?

ከዚያ ጠይቋቸው። መርከብ ሲሳፈሩ እናትዎ ምን አሉ? ያንን ብርድ እንዴት ቻላችሁት? ፋሲካን ምሽግ ውስጥ እንዴት ዋላችሁ? የሚወዱት ጓደኛ ማን ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች አንድ አረጋዊን ቀኑን ሙሉ ሊያጫውቱ ይችላሉ። አንድ ጥያቄ ግን እባካችሁ ተዉ፤ ስንት ሰው እንደገደሉ አትጠይቁ። ልጆች ይጠይቃሉ፣ ትልልቆችም አንዳንዴ አይቀሩም። ሊናገሩ ከወደዱ ራሳቸው ይናገሩ፤ ካልወደዱ የምስጋና ደብዳቤ የሰው ቁስል መንካት የለበትም።

በ1943 የ20 ዓመት ጎረምሳ የነበረ ዘማች ዛሬ ከ90 ዓመት አልፎታል። ዓይን ደክሟል። ስለዚህ ፊደሉን አጉልታችሁ፣ መስመሩን አራርቃችሁ ጻፉ፤ የልጅ ልጅ ጮክ ብሎ ሲያነበው ሳይደናቀፍ የሚወጣ ዓረፍተ ነገር ይሁን። ሰውየው ካለፉ ደግሞ ለባለቤታቸው ጻፉ። ባሏ ባሕር ማዶ ሲዘምት ቤት የያዘችው፣ ወሬ ስትጠብቅ የከረመችው፣ በኋላም ሜዳሊያውን ከሳጥኑ ሥር የደበቀችው እሷ ናት። ለእሷ የተሠራ ሐውልት እኔ አላየሁም። ከሁሉ በፊት የሚጻፈው ደብዳቤ ለእሷ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ልቤ አይፈቅድም። በዚህ አገር የወታደር ስም ሲነሳ ሐዘኑ የሚቀሰቀስበት ሰው አለ። በቅርቡ ያየናቸው ጦርነቶች ልጁን የወሰዱበት፣ ቤቱን ያፈረሱበት። ለእሱ ተነሥና የምስጋና ደብዳቤ ጻፍ አልለውም፤ እንዲህ ያለው ነገር በግድ አይሆንም። ለመጻፍ ልቡ ለፈቀደ ሰው ግን የምለው አለኝ፦ አንድን ሰው የቆሰለ ጓዱን ተሸክሞ ስለመመለሱ ለማመስገን ጦርነቱን መውደድ አያስፈልግም። ያዘዘው ሌላ፣ የተሸከመው ሌላ ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ አፍንጮ በር ሂዱ። በ1998 ዓ.ም. የተመረቀው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ እዚያ ነው፤ የወደቁትን እያሰባችሁ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ በኮሪያ ሰፈርም ሆነ በየሰፈራችሁ ጠይቁ፤ በሕይወት ያለ ዘማች ወይም የዘማች ቤተሰብ የሚያውቅ ጎረቤት አይጠፋም። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ላኩት፤ ስንት ነገር በሰው እጅ ስንልክ የለ? መምህራን የምትሰሙኝ ከሆነ፣ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ «ደብዳቤ አጻጻፍ» ስታስተምሩ ተማሪው ለሌለ ሰው ከሚጽፍ ለእነዚህ ሰዎች ይጻፍ፤ እርማቱ ካለቀ በኋላም ደብዳቤው ይላክ።

ከግርጌው ስማችሁን፣ ሰፈራችሁንና ስልካችሁን ማስፈር አትርሱ። እነዚህ አባቶች ምርቃት ሳይመልሱ አይቀሩም፤ የት እንደሚልኩት ይወቁ።